«ዲሽ አለን» ያለው ግቢ፦ ግንፍሌ አካባቢ ያሉ ዘጠኝ ቤቶች ከአናሎግ ቴሌቪዥን ለመውጣት እንዴት ተዘጋጁ

ለምን ተጻፈ

አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ አካባቢ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር እጠግናለሁ። የሰፈራችን ዕድር ኮሚቴ አባልም ነኝ። የአናሎግ (የድሮው የአንቴና) ስርጭት ሲቋረጥ የትኛው ቤት እንደሚቸገር ለማወቅ ኮሚቴው አንድ ጊዜ ቤት ለቤት መዘገበ። ከዚያ ምዝገባ የአንድ ግቢ ውጤት እንዲህ ይል ነበር፦ 8 ቤቶች፣ 7ቱ ዲሽ አላቸው፣ 1 የለውም። በወረቀቱ መሠረት ግቢው ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ግቢው ግን አልተዘጋጀም ነበር። የኢትዮጵያ ጣቢያዎችን በዲሽ እንደ ልቡ መርጦ ማየት የሚችለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ግቢ በመሀል አዲስ አበባ ብዙ ነው። የሠራነውን፣ የሆነልንንና ያልሆነልንን እዚህ የማሰፍረው ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ቢያንስ ከቆጠራው ትክክል እንዲጀምር ብዬ ነው።

ነገሩ በአጭሩ

አናሎግ በአንቴና ስናየው የኖርነው የድሮው ስርጭት ነው። በኢትዮጵያ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌቪዥን ወደ ቤት የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በሰኔ 1998 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በተደረገ ጉባኤ የአውሮፓ፣ የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። የአናሎግ ስርጭት ከሌሎች አገሮች ሞገድ ጥበቃ የሚያገኝበት ጊዜ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. እንዲያበቃ ተወሰነ። ለአንዳንድ አገሮች በቪኤችኤፍ (በዝቅተኛው የቴሌቪዥን ሞገድ ክልል) 5 ዓመት ተጨመረ። ቀኑ ሲደርስ ቴሌቪዥን ሁሉ ይጠፋል ማለት አልነበረም። አናሎግ ዋስትና የሌለው ስርጭት ሆነ ማለት ነው።

ዲጂታሉ በሁለት መንገድ ቤት ይገባል። አንዱ ከመሬት ማሰራጫ በአንቴና የሚመጣው ነው። ኢትዮጵያ ለዚህ የመረጠችው ደረጃ ዲቪቢ-ቲ2 ይባላል። ሌላው በዲሽ ከሳተላይት የሚመጣው ነው። የአዲስ አበባ ሰው በብዛት የያዘው ሁለተኛውን ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ከዞሩ በኋላ ደግሞ ብዙ ዲሽ አቅጣጫውን መቀየር ነበረበት።

ዝግጅት ሲዘገይ የሚከፍለው ተመልካቹ ነው። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ አናሎጉ ሲዘጋ ትልልቆቹ የግል ጣቢያዎች ለሳምንታት ከአየር ወጥተው ነበር።

ግቢው

የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመሀል አንድ የጋራ ውሃና ልብስ ማስጫ። ግቢው ወደ ወንዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ በአንቴና የሚመጣው ምስል ጥላ ይሠራል፤ ቢሆንም ይታያል። ነዋሪዎቹ ጡረተኞች፣ ጉልት የሚቸረችሩ፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው።

ትልቁ ቤት የሚባለው የአንዲት እትዬ ነው። ዲሹ የሳቸው ነው። ከሪሲቨራቸው ጀርባ፣ ከአርኤፍ መውጫው (ምስሉን በአንቴና ገመድ ከሚያወጣው ቀዳዳ)፣ ገመድ ወጥቶ በግድግዳና በኮርኒስ በኩል ወደ አምስት ጎረቤቶች ይሄዳል። ለዓመታት በነፃ ነው የሰጡት። በዓል ሲሆን፣ ኳስ ሲኖር ግቢው አብሮ ሲያይ የኖረው በሳቸው ደግነት ነው።

ችግሩ ምን ነበር

ይህ ገመድ አንድ ጠባይ አለው። ጎረቤቶቹ የሚያዩት እትዬ የከፈቱትን ጣቢያ ብቻ ነው። ሪሞቱ አንድ ነው፤ ያለውም በሳቸው እጅ ነው። እትዬ የቱርክ ድራማ ካዩ አምስቱም ቤት የቱርክ ድራማ ነው። ሪሲቨሩን አጥፍተው ቤተ ክርስቲያን ከሄዱ አምስቱም ቤት ጨለማ ነው።

ታዲያ የምሽት ዜና የሚፈልጉት ምን ያደርጉ ነበር? የዲሹን ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነቅለው የአንቴናውን ይሰኩ ነበር። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ሶኬቱን አይቼ ነው የደረስኩበት። ተረስቶ የቀረ አንቴና ገመዱ አቧራ ይለብሳል፣ ጫፉም ይዝጋል። በእነዚህ ቤቶች ግን የአንቴናው ጫፍ በእጅ ብዛት ነጥቶ ያበራ ነበር።

ስለዚህ አናሎጉ ሲቋረጥ ከትልቁ ቤት የሚመጣው ገመድ መሥራቱን አያቆምም። እነዚህ ቤቶች የሚያጡት ምርጫቸውን ነው። «ዲሽ አለ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «አለ» ማለታቸው ውሸት አልነበረም። ጥያቄው ነው የተሳሳተው።

የወጣቶቹ ባልና ሚስት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የራሳቸው ዲሽና ፍላት ቴሌቪዥን አላቸው። ዲሹ ግን ወደ ናይልሳት የዞረ ነው፤ ለፊልም። የአገር ውስጥ ዜና የሚያዩት እነሱም በአንቴና ነበር።

«የለውም» ተብለው የተመዘገቡት አንድ ጡረተኛ ጥበቃ ናቸው። ዘጠነኛዋን ግን ማንም አልመዘገባትም። ከኋላ ያለችውን ክፍል ተከራይታ፣ ቀን ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። የዕድሩ አባል ስላልሆነች የዕድሩ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ቴሌቪዥኗ ከጣሪያው ሥር በታሰረ አንቴና ብቻ ይሠራ ነበር። ቀድሞ የሚጨልምባት እሷ ነበረች። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ተከራዮች በየግቢው አሉ፣ በየዝርዝሩ ግን የሉም።

ቆጠራውን ማስተካከል

ሁለተኛው ቆጠራ ምሽት ላይ ተደረገ፤ ቀን ቀን ሰው ሥራ ላይ ነው። የተቆጠረው ቤት ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን የያዝነው ይህን ነው፦ ከጀርባው ምን ምን ገመድ ይገባል? ገመዱ ከየት ይመጣል? ሪሞቱ በማን እጅ ነው? ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው? በቤቱ የማይቀረው ፕሮግራም ምንድን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ሥራውን የመራው ግን እሱ ነው። አንዷ አዛውንት እናት የሚፈልጉት የጠዋት ቅዳሴ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛው ዜና። ልጆች ያሉበት ቤት የልጆች ፕሮግራም። ሰው በየዕለቱ የሚፈልገውን ካወቅህ ምን ቢጎድል እንደሚከፋው ታውቃለህ።

እትዬን ማነጋገር

ከሁሉም የከበደው ክፍል ይህ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሪሲቨር ይያዝ የሚለው ሐሳብ ሲነሳ እትዬ አኮረፉ። «ምን አጎደልኩባችሁ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለዓመታት በነፃ የሰጠ ሰው ገመዱ ሲነቀልበት የተጠላ ይመስለዋል።

ይህን በቴክኒክ ማስረዳት አይቻልም። ስለ ዲጂታል ያልኩት ሁሉ አልገባቸውም ሳይሆን አልተቀበሉትም። የፈቱት አዛውንቷ እናት ናቸው። ቡና ላይ ቁጭ ብለው፣ «አንቺስ ብትሆኚ የኛን ልጆች እያሰብሽ ድራማሽን ስትቆርጪ ኖረሽ የለም እንዴ? አሁን አንቺም እረፊ» አሏቸው። እትዬ ዝም አሉ። ሁለተኛው ቡና ሳይወርድ አዲሱ የጋራ ዲሽ በሳቸው ደጃፍ እንዲተከል ራሳቸው ጠየቁ። ጠባቂዋም እሳቸው ሆኑ። በኔ አስተያየት ከዚህ ሥራ ሁሉ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። በሌላ ቦታ ቢተከል ኖሮ ግቢው ውስጥ ቂም ይተከል ነበር።

ገንዘቡ

የዕድሩ ገንዘብ ለሐዘን ነው፤ ለዲሽ አይነካም። ኮሚቴው እንዲህ ሲል ተስማማሁ። ግቢው ውስጥ ግን ሴቶቹ የሚጥሉት ትንሽ ዕቁብ ነበር። ዲሹ፣ ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ዕቃ) እና ምሶሶው በጋራ መዋጮ ተገዙ። ሪሲቨሮቹ በዕቁብ፣ አንድ በአንድ። ዕጣ ይውጣ ያሉ ነበሩ። በመጨረሻ ተራው በዕጣ ሳይሆን በችግር ሆነ፦ አንቴና ብቻ ያላት መጀመሪያ፣ የራሱ ዲሽ ያለው መጨረሻ። ተከራይዋም እንድትገባ ተደረገ፤ መዋጮዋ ከሌሎቹ አነሰ፣ ጊዜዋም ረዘመ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ሪሲቨር ከመርካቶ ተገዛ። አንዱ የገባው ለሌላው ያሳያል፣ የአንዱ ሪሞት ቢሰበር የጎረቤቱ ይሠራል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ይህን ለማንም እመክራለሁ።

አንድ ዲሽ፣ ብዙ ሪሲቨር

መጀመሪያ የመጣው ዲሽ ሠራተኛ አንዱን የኤልኤንቢ ገመድ በማከፋፈያ ለስምንት ቤት በተነው። ርካሽ ነው፣ በፍጥነትም ያልቃል። ግን አልሠራም። ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል።

ኤልኤንቢው ኃይል የሚያገኘው ከሪሲቨሩ ነው፤ በዚያው ገመድ። ሪሲቨሩ 13 ቮልት ሲልክ አንዱን ዓይነት ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲልክ ሌላውን ያመጣል። ስምንት ሪሲቨር በአንድ ገመድ ላይ ሲሆን አንዱ 13፣ ሌላው 18 እያለ ይጋጫል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ ማከፋፈያዎች ኃይል የሚያሳልፉት በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ያ ቀዳዳ የመንግሥት ሠራተኛው ቤት ሆነ። እሱ ሪሲቨሩን ነቅሎ ሥራ ሲሄድ ግቢው በሙሉ ምስል ያጣል። የቤቱ መብራት ካርድ ያለቀ ዕለትም እንዲሁ።

መፍትሔው ስምንት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ነው። እያንዳንዱ መውጫ ለብቻው ይታዘዛል፤ ስለዚህ የአንዱ ቤት ሌላውን አይነካም። አራት መውጫ ያለው በቀላሉ ይገኛል፣ ስምንቱን ግን ሱቅ ለሱቅ መፈለግ ያሻል። ስምንቱ መውጫዎች እንዲህ ሄዱ፦ አንዱ ለእትዬ፣ አምስቱ ለአምስቱ ቤቶች፣ አንዱ ለተከራይዋ፣ አንዱ ለወጣቶቹ። ወጣቶቹ ናይልሳታቸውን ማጣት አልፈለጉም። ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ አንድ ዲሽ ሁለቱን አይይዝም። የነሱ ዲሽ እንዳለ ቀረና ከጋራው የመጣው ገመድ በትንሽ ስዊች ተቀላቀለለት።

የጋራ ዲሹ መሬት ላይ ተተከለ። የድሮው ቆርቆሮ ጣሪያ በነፋስ ይርገበገባል፣ ዲሹም አብሮ ይነቃነቃል፤ ከዚያ ክረምት በመጣ ቁጥር ሠራተኛ መጥራት ነው። ከአዲስ አበባ ኢትዮሳት ወደ ምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከፍታው 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ በጣም ከፍ ያለ ነው። የጎረቤት ፎቅ እምብዛም አይከልለውም፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ሊቆም ይችላል። ናይልሳት ግን በምዕራብ 37 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ፎቅ ይጋርደዋል። ቦታ ለመምረጥ መሣሪያ የሌለው ሰው በመጋቢት መጀመሪያ ወይም በመስከረም አጋማሽ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ያለችበትን ይይ። ዲሹ የሚተከልበት ቦታ ላይ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ካረፈበት ሲግናሉም ያርፍበታል። እኛ ዘንድ አንድ የኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ መቆረጥና የልብስ ማስጫው ገመድ መዞር ነበረበት።

የገመድ ጫፎቹ በፕላስተር ተጠቀለሉ። ገመዱ ግድግዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲንጠለጠል ተደርጎ ታጠፈ፤ ዝናቡ ተከትሎት ቤት እንዳይገባ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ክረምት ላይ ወደ ሱቄ ከሚመጡት ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ውሃ የገባባቸው ናቸው።

አሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች

ሰው የሚፈራው ቴሌቪዥኑን መጣል ነው። አያስፈልግም። ጀርባው የወጣ የድሮ ቴሌቪዥን በሪሲቨር ይሠራል። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳ ካለው በቀጥታ ይሰካል። አንዳንድ አዳዲስ ሪሲቨሮች ግን ያላቸው ለአዳዲስ ቴሌቪዥኖች የሚሆነው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ብቻ ነው፤ እነሱን ለአሮጌ ቴሌቪዥን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

የአዛውንቷ እናት ቴሌቪዥን ሦስቱ ቀዳዳዎች የሉትም፤ የአንቴናው ብቻ ነው። ለእሱ የሚሆነው አርኤፍ መውጫ ያለው ሪሲቨር ነው፣ ያም አሁን በብዛት አይገኝም። ግቢው ውስጥ ግን አንድ ነበረ፤ ለዓመታት አምስት ቤት ሲያሳይ የኖረው የእትዬ ሪሲቨር። እትዬ አዲሱን ወሰዱና የራሳቸውን ለእናታቸው ለሚሆኑት አዛውንት ሰጡ።

አዲስ ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ላይ ሁለት ጽሑፍ ይፈልግ፦ ዲቪቢ-ቲ2 (የመሬቱ) እና ዲቪቢ-ኤስ2 (የሳተላይቱ)። «ዲጂታል ነው» የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም። ቁጥር 2 የሌለበት ቲ የቀድሞው ደረጃ ነው፤ የቲ2ን ስርጭት አያነብም። «ዲጂታል አንቴና» ተብሎ በውድ የሚሸጠውም የሻጭ ቃል ብቻ ነው። አንቴና አናሎግና ዲጂታል የሚባል ነገር የለውም፤ የሚለየው የሚቀበለው የሞገድ ክልል ነው። ስለዚህ በግቢው ያሉት አንቴናዎች አልተጣሉም። የመሬቱን ዲጂታል ሲይዙ መጀመሪያ ይሞከሩ ብለን ትተናቸዋል።

ሪሞቱ

መመሪያ በወረቀት ጽፈን አደልን። አልጠቀመም። ያነበበው ማንበብ የማያስፈልገው ነው። ሁሉንም በእትዬ ቤት ሰብስበን ማሳየትም ብዙ አልሠራም፤ ሰው በሌላ ቤት ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የተማረውን ቤቱ ሲገባ ይረሳዋል።

የሠራው የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተል መቀየር ነው። ለእያንዳንዱ ቤት በቆጠራው የነገሩን ጣቢያ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ላይ ተቀመጠ። አዛውንቷ ቅዳሴ ሲፈልጉ 1ን ይጫናሉ፤ በቃ። ጣቢያ የሚያጠፋው ሜኑ ሪሲቨሩ በሚፈቅደው የሚስጥር ቁጥር ተቆለፈ። ቴሌቪዥኑን ከኤቪ (የሪሲቨሩን ምስል ከሚያሳየው መግቢያ) የሚያስወጣው ቁልፍ በፕላስተር ተሸፈነ፤ «ሪሲቨሬ ተበላሸ» ብለው ከሚጠሩኝ አብዛኞቹ እሱን የነኩ ናቸው።

በየቤቱ አንድ ልጅ ኃላፊ ይሁን የሚል ሐሳብም ነበር። በሁለት ቤት ሠራ። በሌሎቹ ልጁ ራሱ ጣቢያ እየለወጠ ቅደም ተከተሉን አበላሸው።

ያልሆነልን

ጡረተኛው ጥበቃ አልገባም አሉ። «እኔ ለዜና ሬዲዮ ይበቃኛል» አሉ። ጎረቤቶች ሊያግባቡ ሞከሩ፤ እኔ ግን ተዋቸው አልኩ። ሰው አውቆ ሲመርጥ ማስገደድ ዝግጅት አይደለም። የሚቸግረው ሐሳባቸውን ከለወጡ ነው። ስምንቱም መውጫ ተይዟል፤ ለሳቸው ሌላ ኤልኤንቢና ሌላ ዲሽ ያስፈልጋል። በሌላ ግቢ ብሠራ ለእምቢተኛውም መውጫ አስቀርቼ እጀምራለሁ።

የኃይል መዋዠቅም አንድ ሪሲቨር አቃጥሏል። መብራት ሲሄድ ሪሲቨሩን ከዲቫይደር ንቀሉ ብለን ተናግረናል፤ ሁልጊዜ አይነቀልም።

ሌላ ግቢ ለሚሠራ

ምዝገባው ከዕድር መዝገብ ብቻ አይነሳ። ተከራይ፣ ደባል፣ ዘመድ ቤት ያረፈ ሁሉ ይቆጠር፤ የት እንዳሉ ልጆችን መጠየቅ ይበቃል። «ዲሽ አለ ወይ» ከማለት «ትናንት ማታ ዜና በምን አያችሁ» ማለት እውነቱን ቶሎ ያወጣል። የጋራ ገመድ ባለበት ግቢ መጀመሪያ የገመዱን ባለቤት አነጋግሩ፤ ያውም በሚያከብሩት ሰው በኩል። ዲሽ ሠራተኛው ማከፋፈያ ይዞ ከመጣ ስንት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ እንዳሰበ ሳትጠይቁ ገመድ አታስቆርጡ።

አንድ ነገር ደግሞ የመሀል ከተማ ሰው ሊያስብበት ይገባል። በአካባቢያችን ቤቶች እየፈረሱ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር እየሄደ ነው። ይህ ግቢም አንድ ቀን ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ምሶሶው በሲሚንቶ ውስጥ አልተቀበረም፤ በብሎን የሚፈታ እግር ተደረገለት። ሪሲቨሩ የየቤቱ ነው፣ ይዞት ይሄዳል። ዲሹና ኤልኤንቢው ግን የጋራ ናቸው። ግቢው ቢበተን ለተከራይዋ እንዲሰጥ ስምንቱም ቤቶች ተስማምተው በአንድ ወረቀት ፈረሙ። ወረቀቱ እትዬ ዘንድ ተቀምጧል።